መዳብ ያልተጠራበት ሽምግልና

ለክቡር አቶ ገብረሥላሴ፣ የሙቀት መለኪያዎች ማረጋገጫ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ወላይታ ሶዶ

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ ጤናዎ የተሟላ፣ በተለይም ሁለቱ ዓይኖችዎ ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በቦዲቲ መንገድ ዳር ያለው የብረታ ብረት ወርክሾፕ ኃላፊ ነኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምስጋናዬን ከመነሻው ልጀምር።

፩ኛ፦ ማዕከልዎና አንድ የአዲስ አበባ ላቦራቶሪ አንድ ዓይነት ንጹሕ መዳብ ተራ በተራ አቅልጠው ቴርሞሜትሮቻቸውን በማስተያየታቸው አመሰግናለሁ። ንጹሕ መዳብ ሶዶም ይሁን አዲስ አበባ የሚቀልጠው አንድ ሺህ ሰማንያ አምስት ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና፣ ከዚያ የራቀ ቴርሞሜትር ተሳስቷል ማለት ነው። የአዲስ አበባ እንግዶችዎ ቴርሞሜትር ልኩን አነበበ፤ የእርስዎ ሰማንያ ዲግሪ ዝቅ አለ።

፪ኛ፦ ሌላ ሰው ቢሆን ቴርሞሜትሩን ያስጠግን ነበር። እርስዎ ግን እንግዶቹ ቅር እንዳይላቸው፣ የቤትዎም ስም በክፉ እንዳይነሣ አስበው ሽማግሌ አስቀመጡ። ሥጋው ከማጥቀሻው ከዳጣው ጋር ቀረበ፤ ሽማግሌዎቹም የእንግዶቹ አርባ እንዲወርድ፣ የእርስዎ አርባ እንዲወጣ ፈርደው፣ ሁለቱ ላቦራቶሪዎች ይቅር ለእግዜር ተባብለው ተለያዩ። ጠብ ለማብረድ ያለዎትን ተሰጥኦ አደንቃለሁ፤ የተጣላ ሰው ግን አልነበረም።

፫ኛ፦ የምድጃችን ቴርሞሜትር በዚያ መሃል ሰፋሪ ቁጥር ተስተካክሎ፣ ማኅተምዎ አርፎበት መጣልን። አምነን ሠራንበት። ምድጃው ከሚያሳየው በአርባ ዲግሪ ይበልጥ ይግል ስለነበር፣ ያጠነከርነው መሮ ተሰባሪ ሆኖ ወጣ፤ ታናሽ ወንድሜ ሚልክያስ በመዶሻ ሲመታው ተፈነጣጥሮ ግራ ዓይኑን አጠፋው።

ከሁሉም በላይ የማመሰግንዎ ግን አደጋውን እንዲመረምር የላኩት አጣሪ ኮሚቴ ብረቱ ከልክ በላይ መጋሉን በሚገባ ደርሶበት፣ ጥፋቱ የሚልክያስ ነው ብሎ ከሥራ እንዲታገድ በማድረጉ ነው። የሙቀቱን ልክ ለእሱ የነገረው ማኅተምዎ ያረፈበት ቴርሞሜትር መሆኑን ኮሚቴው በትሕትና አልፎታል። እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ መዳቡን እንደገና፣ በሰው ፊት ያቅልጡና የወንድሜን ስም ያጽዱለት።

በማኅተምዎ አምኖ ምድጃ ያነደደ፣
ዛሬም ከወንበርዎ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ የሚቆም፣
አክባሪዎ ኢሳይያስ ጩማ

ማስታወሻ፦ የሚልክያስ ቀኝ ዓይን በደንብ ያያል፤ ግራው ምንም አያይም። ሽማግሌዎችዎ ጊዜ ካላቸው መጥተው ሁለቱን ያስታርቁልን። ሥጋውንና ዳጣውን እኛ እናቀርባለን።