ሁለት ድመት በአንድ ጆንያ

የሺዬ፣
ከባምባሲ ስትመለሺ፣ በሩ ላይ ያለውን ደም ምን ብዬ ላስረዳሽ? እስካሁን አላወቅሁም።

ድመቶቹን ለክትባት ልወስድ ብዬ ሁለቱንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከተትኳቸው። «ለየብቻ፣ ክዳን ባለው ቅርጫት፣ ጨርቅ አልብሰሽ! ድመት ጆንያ የሚገባው ሊጣል ሲሄድ ነው» ብለሽኝ ነበር። እኔ ባሕር ማዶ የተማርኩት «እናትና ልጅ ናቸው፣ ይተዛዘናሉ» ብዬ ሳቅሁብሽ።

እናቲቱ ቡሬ ግን ጆንያ ታውቃለች፤ የድሮ ጌቶቿ አስረው የጣሏት በጆንያ ነው። ባጃጁ እንደተነሳ ልጇን ቦጫጨቀችው። ጆሮውን ገነጠለች፣ አንድ ዓይኑን አፈሰሰች። ሾፌሩ «እህት፣ ጅብ ነው እንዴ የጫንሽብኝ?» ብሎ ከነጆንያው ሊወረውራቸው ሲል እጁን ነከስኩት።

ወደ ቤት መልሻቸው ጆንያውን በሩ ላይ ፈታሁት፤ ቡሬ አልጋሽ ሥር ናት።
በባዶ እጅሽ እንዳትነኪያት፣ ክንዴን ተርትራዋለች።
ውሃ ስጫትና በሩን ዝጊ።

ቅርጫቶቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽባቸው መሄድሽን አሁን አላነሳውም። ቁልፉን ሰብሬዋለሁ። ልጇን በቅርጫት ይዤ መውጣቴ ነው።

ሐኪሙ በስልክ «ዓይኑ ይውጣ ወይስ በመርፌ ይረፍ? የድመቱ ባለቤት ትወስን» አለኝ።
«ይኑር በይኝ» ብዬ ሦስት ሰዓት ላይ በስልክ ጻፍኩልሽ።
አምስት ሰዓት ሆነ። አልመለስሽልኝም፤ እኔው «ይኑር» ልለው ሄድኩ።

ሕብረት