ከእማዬ የደበቅነው

ማክሰኞ

ዛሬም ሲስተር ሀሊማ ስታየኝ ወሬዋን አቋረጠች። በር ላይ ከዶክተሩ ጋር በኦሮምኛ ስለ አልጋ ስትነጋገር ነበር። እኔም ኦሮምኛ እንደምሰማ ረስታለች መሰለኝ።

አባዬ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቀና በማሽን መተንፈስ ከጀመረ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ዐይኑን አልገለጠም። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ከአርቦዬ የመጡ ሰዎች ለበሽተኛቸው አልጋ ይጠብቃሉ። ጅል አይደለሁም፣ ይገባኛል።

ሁሩታ ላለችው እማዬ ደወልኩ። "ዛሬ የአጃ ሾርባ ጠጣ" አልኳት። "የአጃ?" አለች፣ ከዚያ "እሰይ"።

ረቡዕ

ስብሰባ ተጠራን። እኛ ሁለት ነን፣ እኔና ወንድሜ ጌታቸው። እነሱ አራት! ዶክተሩ፣ ሀሊማ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ፣ ሌላ አንድ ነርስ። ምን ተማክረው መጡ?

ዶክተሩ እንዲህ አለ፦ ይነቃል ብሎ አይጠብቅም። ቱቦው አፉ ውስጥ ብዙ መቆየት አይችልም። ወይ አንገቱ ተቀዶ ቱቦ በዚያ ገብቶለት በማሽኑ ይቀጥላል፣ ወይ ቱቦው ወጥቶ እንዳይጨነቅ መድኃኒት እየተሰጠው የሚመጣውን መጠበቅ ነው። "አባታችሁ ራሳቸው ቢናገሩ ምን ይሉ ነበር?" አለን። እኔ ምን አውቄ! አባዬ ስለ ሞት አውርቶን አያውቅም።

"አልጋውን ለማን ልትሰጡት ነው?" አልኩት። ጌታቸው እግሬን ረገጠኝ። ዶክተሩ አልተቆጣም። "ቱቦው ቢወጣም አልጋው የእሳቸው ነው" አለ። አላመንኩትም።

ሀሊማ "እናታችሁስ?" ስትል ሁለታችንም ባንድ አፍ እምቢ አልን። ደም ግፊት አለባት፣ ብትሰማ እዚያው ትወድቃለች።

ሐሙስ

ሀሊማ እንደገና "እናታችሁ ይምጡ" አለች። ምን አስቸኮላት? አሮጊት ማስፈረም ይቀላል ብላ ይሆን? ጌታቸውም ከእሷ ጋር ሲንሾካሾክ አየሁት።

የምጠረጥራቸው፦ ሀሊማ። ዶክተሩ። የገዛ ወንድሜ። ዘበኛው እንኳ ዛሬ ሳይጨቃጨቀኝ አስገባኝ። ምን ሰምቶ ነው?

ግን ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ነው። ሀሊማ ብቻዋን የሆነች ሲመስላት "አባባ፣ ወደ ግራ ላዞርዎት ነው፣ አይዞዎት" እያለች ስታገላብጠው ሰምቻታለሁ።

ዓርብ

እማዬ መጣች! ማንም አልጠራትም፣ ጌታቸው ምሎ ተገዝቷል። ብቻዋን በሚኒባስ።

"አባትሽ በአርባ ዓመት ትዳር አጃ ቀምሶ አያውቅም" አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሀሊማ መጀመሪያ ግፊቷን ለካችላት፣ ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች። ዶክተሩ ለእኛ ያለንን አንድ በአንድ ደገመላት። "ራሳቸው ቢናገሩ ምን ይሉ ነበር?" የሚለውንም ጥያቄ ጠየቃት። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ መለሰች፦ "ወንድሙን በማሽን ሲማቅቅ አይቶት ነበር። ያን ቀን 'እኔን እንዲህ እንዳታቆዩኝ፣ እጄን ይዛችሁ ልቀቁኝ' አለኝ። ልጆቹ ይደነግጣሉ ብዬ ዋጥኩት።"

እኛ ከእሷ፣ እሷ ከእኛ ስንደብቅ! መልሱን የሚያውቀውን ሰው ሁሩታ አስቀምጠን እዚህ ሰው ስንጠረጥር ከረምን። አፈርኩ። አለቀስኩ። ቱቦው ይውጣ ተባለ፣ ሦስታችንም ተስማማን።

ቅዳሜ

ጠዋት የነፍስ አባቱ ጸሎት አደረሱለት። ቱቦው ወጣ። አባዬ በራሱ ይተነፍሳል፣ ቀስ እያለ፣ እያቋረጠ። ዶክተሩ ረጅም ሰዓት አጠገባችን ቆመ። አልጋውም ያው አልጋ ነው፣ ቁጥሩን ሁለቴ አይቻለሁ። የአርቦዬዎቹ ሌላ አገኙ።

ሀሊማን ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ "ሻይ ላምጣልሽ?" ብቻ ብዬ ተመለስኩ።

አሁን ከሰዓት ነው። እማዬ ፊቷን ሳታዞር "ቤት ሂጂና ልብስሽን ቀይረሽ፣ ቀምሰሽ ነይ፣ እሱ ደህና ነው" አለችኝ።

ደህና ነው? ሀሊማን አየኋት። ወንበር አንሥታ መጣችና ከአባዬ በሌላው በኩል አስቀመጠችልኝ።

አልሄድኩም። ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው፣ ሌላው የአባዬን እጅ ይዟል።