ላስቲኩ ያልተላጠለት ሬዲዮ

ግንቦት 6

ዛሬም ንብረት ክፍል ሄድኩ። አዲሶቹ ሬዲዮዎች መደርደሪያው ላይ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል። ከመጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ላስቲካቸው እንኳ አልተላጠም። ክፍሉን የሚጠብቀው ሃምሳ አለቃ (እንደ በር ቁልፍ ጥርቅም ስላለ ጓጉንቸር ነው የምንለው) ወንበሩን በሩ ላይ አድርጎ ተጎልቷል። ተራራው ላይ ላለው ጓድ አንድ ሁለቱን ስጠኝ አልኩት።

"ማን ይፈርማል ሻምበል?"

ቢሰበር የሚጠየቀው የፈረመው ነው። ስለዚህ የሚፈርም የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ታናሽ ወንድሜ እዚያ ተራራ ላይ ነው። የእነሱ አሮጌ ሬዲዮ ጉም ሲወርድ ዲዳ ይሆናል። ክረምቱ ደግሞ መጣ...

ግንቦት 9

እንግዶች መጡ። ሬዲዮዎቹ ወጥተው ነጭ ጨርቅ ላይ ተደረደሩ። ኮሎኔሉ በዱላቸው እየጠቆሙ "የማይሰማበት ቦታ የለም" አሉ። አንዱን አንስተው አሳዩ... ገልብጠው። አንዲት እንግዳ እስቲ ይክፈቱልን ብትላቸው፣ ባትሪው አልተሞላም አሉ። ባትሪውም ላስቲክ ውስጥ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሬዲዮዎቹ በመሀረብ ተወልውለው ወደ መደርደሪያቸው ተመለሱ።

ኮሎኔሉን ቢሯቸው ድረስ ተከትዬ ለመንኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ። "አሮጌው ምን አደረገሽ?" ብቻ አሉኝ። አሁን ገባኝ። ማብሪያውን አያውቁትም። እኛ ፊት ሲፈልጉት እንዳይታዩ ነው ይሄ ሁሉ። በአንድ ሰው ኩራት ስንቱ ይደንቁር?

ግንቦት 17

ፈረምኩ። ለተራራው ጓድ በሚደርሱት ሁሉ። ጓጉንቸር በሐዘኔታ አየኝ። "ያስቡበት ሻምበል፣ ልጆች አሉዎት" አለ። ፈሪ ለእናቱ ብዬው ወጣሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ነው ወታደር ያለው?

ግንቦት 21

ሬዲዮዎቹ ተራራ ወጡ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የፈረምኩበትን ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩ። ባለቤቴ እራት ላይ "ደሞዝሽ ስንት ሬዲዮ ይገዛል?" ብሎ ቀለደ። አላሳቀኝም።

ወታደር ደግሞ ዕቃ አያያዝ አያውቅም። አንዱ ይቀመጥበታል፣ አንዱ ዝናብ ላይ ጥሎት ይተኛል። አጠር ያለ መመሪያ ላክሁላቸው። ዝናብና ጉም አይንካው፤ ያለ ጓዱ መሪ ፈቃድ ከሳጥኑ አይውጣ። ለጥንቃቄ ነው። ምን ክፋት አለው?

ሰኔ 3

ጉም። ከተራራው ድምፅ የለም።

ሰኔ 4

ዛሬም የለም። ኮሎኔሉ "አዲሱን ሰጥተሻቸው የለ?" አሉኝ፤ ደስ ያላቸው ይመስላሉ። እነዚያ ደደቦች ግን ምን ነካቸው? ቁልፍ መጫን ያቃታቸዋል? ይሄን ሁሉ ለፍቼ...

ሰኔ 6

ወንድሜ ሆስፒታል ነው።

ቅኝት ላይ ሳሉ ገደል አፋፍ ላይ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ። ጓደኞቹ በአሮጌው ሬዲዮ ሲጮኹ አድረው ሲጮኹ ዋሉ፤ የሰማቸው የለም። በቃሬዛ ተሸክመውት ሲወርዱ እግሩ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ከጉልበቱ በታች ቆረጠው። ቶሎ ብትደርሱ ኖሮ አለኝ።

ሲነቃ አዲሱስ ሬዲዮ አልኩት።

"ሳጥኑ ውስጥ ነው።"

"ለምን?"

"ያንቺ መመሪያ ነዋ እታለም። ጉም አይንካው አልሽ። የጓዱ መሪ አስር አለቃችን ልክፈተው አልክፈተው ሲል... ቢበላሽ ማን ይጠየቅልኛል አለ።" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሬዲዮው ደህና ነው።"

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጓጉንቸርን ስንቴ ሰደብኩት? እሱ በር ላይ ብቻ ነው የተቀመጠው። እኔ ጓጉንቸሩን ተራራ ድረስ ሰደድኩት። ራሴን እንደዚህ ንቄ አላውቅም።

ሰኔ 11

ተራራ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ጓዱን ሜዳ ላይ ሰብስቤ ላስቲኩን በጥፍሬ ላጥኩት። ሬዲዮዎቹን ለየእጃቸው ሰጠኋቸው፤ እየረጠቡ አወሩባቸው። አስር አለቃው ዓይኔን ማየት አልቻለም። እኔም የእሱን።

አዲስ መመሪያ አነበብኩላቸው። ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሳይቧጨር ይዞት የወረደ ግን እኔ ፊት ይቆማል።

ሰኔ 14

ኮሎኔሉ ጠሩኝና በሩን ዘጉት። ከንብረት ክፍል ያስመጡትን አንድ አዲስ ሬዲዮ ከመሳቢያቸው አውጥተው "ማብሪያው የቱ ጋ ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ። ሳል አስመስዬ ሳቄን ዋጥኩ። ግን ቀስ ብዬ አሳየኋቸው፣ እስኪገባቸው። ነገ ስብሰባ ላይ "ሐሳቡ የእኔ ነበር" ይላሉ። ይበሉ። ለሌሎቹም ጓዶች እንዲታደል ፈርመዋል።

ሰኔ 22

ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል። ከተራራው ተጠራሁ። አንዱ ወታደር ነው፤ ድምፁ አጠገቤ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። ፈርቷል።

"ሻምበል፣ አንዱ ሬዲዮ ገደል ገባብኝ። ተሰባብሯል። በጓደኛዬ ሬዲዮ ነው የማወራው።"

"አንተስ?"

"እኔ?" አለ፣ ያልጠበቀው ጥያቄ ሆኖበት። "እኔ ደህና ነኝ።"