ለደምሴ፣ ስለ ክፉ አፌ

ባሌ ደምሴ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። የልብስ ስፌት መኪናህ አሁንም በረንዳው ላይ ነው፤ የሚቀመጥበት የለም። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ፍየሎቹ እንደ በፊቱ ይግጣሉ። መንግሥት ተለውጧል፤ ቀበሌው ውስጥ አንተ የማታውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ለውትድርና ልጅ አምጡ ብሎ በር የሚያንኳኳም የለም። ይህን ለማውራት ግን አይደለም የጻፍኩልህ። ብርሃኑ መጥቷል። ልጃችን አልሞተም።

አንተ ይህን ሳትሰማ ሄድክ። እኔ ያደረግኩብህን ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ብርሃኑ የተጠራ ቀን አብረኸው ቀበሌ የሄድከው አንተ ነህ። ከሰዓት በኋላ ብቻህን ተመለስክ፤ ሸሚዙን አጥፈህ ይዘህ።

«ልጄን በእጅህ አስረክበህ መጣህ?» አልኩህ።

«ሄደ» አልከኝ።

በዓመቱ ከሰሜን የተመለሰ አንድ ቁስለኛ የብርሃኑ ጦር እንዳለ ማለቁን ነገረን። ቀበሌውም ሞቷል አለ። ዳስ ጥለን አለቀስን። ዳሱ ሳይፈርስ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «የገደለው ይሄ ነው!» ብዬ ጣቴን ቀሰርኩብህ።

ከዚያ ወዲህ ስምህን አልጠራሁም። ምሳህን ሳቀርብ «ብላ፣ ነፍሰ ገዳይ» ነበር የምልህ። ከገጠር ቅዳሜ ገበያ የሚመጡት የአሪ ገበሬዎች ሱሪ ሊያሰፉ ደጃችን ሲቆሙ፣ «የገዛ ልጁን ለሞት ለሰጠ ሰው ጨርቃችሁን ትሰጣላችሁ?» እላቸው ነበር። አማርኛው ያልገባቸው እንኳ ከፊቴ ያነቡታል። አንዲት አሪ ሴት ብቻ ደፍራ «እማማ፣ ሰውዬ ጥሩ ነው፣ አትሳደብ» አለችኝ። ለወንድ እንደሚባለው «አትሳደብ» ስላለችኝ እየደጋገምኩ ሳቅኩባት። አንገቷን ደፋች። አንተ ብድግ ብለህ «እህቴ፣ ለቅዳሜ አደርስልሻለሁ» ብለህ እስከ መንገዱ ሸኘሃት።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ለምን እንደማትመልስልኝ ሲጠይቅህ ከውስጥ ሆኜ ሰማሁ። «በዚህ አፍ እኮ ነው የምቆርበው» አልከው። እኔም ቆራቢ ነኝ፤ የተጋባነው በቁርባን ነው። ወጥቼ «የልጁን ደም የጠጣ አፍ ምን ይቆርባል!» አልኩህ። ጎረቤታችን ደንግጦ ሄደ። አንተ መርፌህ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶህ ብዙ ቆየህ።

ለንስሐ አባታችን ይህን ስነግራቸው ትክክል ነሽ እንዲሉኝ ፈልጌ እንጂ ተጸጽቼ አልነበረም። ሰሙኝና «ለአርባ ቀን፣ በየቀኑ አንድ ደግ ቃል ለባልሽ ተናገሪ» አሉኝ።

«አባ፣ ሌላ ይዘዙኝ። በቀን ሦስት መቶ ልስገድ።»

«ጉልበትሽማ ምን በደለ? የበደለው አፍሽ ነው» አሉኝ።

በእልህ ስግደቱን መረጥኩ። አርባውን ቀን ሙሉ ሦስት መቶ ሦስት መቶ ሰገድኩ። ግንባሬ ላይ አፈር ይዤ ከቤተ ክርስቲያን እገባና እሰድብህ ነበር። ደግ ቃሏ አንዷም ከአፌ አልወጣችም። ጾሜን ግን አንድ ቀን አላጎደልኩም።

ከዚያ ወባው ጣለህ። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ መሀል አናት ላይ ስትሆን ውሃ ጠየቅከኝ። ሰጠሁህ፤ ውሃ አልከለከልኩህም። ጣሳውን ወደ አፍህ ሳስጠጋልህ ግን «ልጄ ሲሞት ውሃ ማን ሰጠው?» አልኩህ። ጣሳውን በእጅህ መለስክልኝ። «ይቅር ይበለን» አልክና ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ጀንበር ሳትጠልቅ አረፍክ።

ብርሃኑ የመጣው መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ወር ነው። ከአርባ ምንጭ በመጣ የጭነት መኪና፣ በምርኩዝ። ተማርኮ ኖሯል። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ስጮህ «አባዬስ?» አለኝ። ነገርኩት። መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ላጽናናው ብዬ «አሳልፎ ለሰጠህ ሰው እንዲህ አታልቅስ» አልኩት።

ቀና አለ። «ማን ነው አሳልፎ የሰጠኝ?»

ወደ ኬንያ ጠረፍ፣ ኦሞራቴ የሚወርድ መኪና ተነጋግረህለት እንደነበር፣ ሂድና ተደበቅ ብለህ እንደለመንከው፣ እሱ ቢጠፋ አንተ ትታሰራለህ ብሎ እምቢ እንዳለ ያን ጊዜ ሰማሁ። «በፈቃዱ ሄደ ብለሽ እንዳትረግሚኝ፣ እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

መርዶው ከመጣ በኋላም አልነገርከኝም። የሞተ ልጅህ በእናቱ አፍ እንዳይረገም ብለህ እርግማኑን ሁሉ አንተ ተቀበልክ። ብትነግረኝ ኖሮ እረግመው ነበር፤ አውቀኸኛል።

ብርሃኑ እንባውን ጠርጎ «ሲሞት ምን አልሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። መዋሸት እችል ነበር። የጣሳውን ነገር ነገርኩት። ምርኩዙን አንስቶ ወጣ።

አሁን የሚኖረው ቀይ አፈር ከተማ ነው፤ መኪኖች የሚቆሙበት አጠገብ ሻይ ቤት ከፍቷል። ሐሙስ ሐሙስ ገበያተኛ በሚጭነው መኪና እሄዳለሁ። ተነስቶ ወንበር ይስብልኛል። አይቆጣኝም፤ እስከ ዛሬ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ያንተ ልጅ ነው። ግን «እርስዎ» ይለኛል። እድሜውን ሙሉ አንቺ ሲለኝ የኖረ ልጅ «ስኳር ልጨምርልዎ?» ይለኛል፣ መንገድ ላይ ያገኛት አሮጊት እንደሆንኩ ሁሉ። ከአጠገቤ የተቀመጠውን ሾፌር አንተ እያለ ያጫውተዋል።

ደምሴ፣ ደግነትህን ጂንካ ሁሉ ያስታውስልሃል። እኔ የማስታውሰው ያልኩህን ነው፤ አንዱንም ሳልቀንስ፣ ካህን ይፍታሽ ቢለኝም። በሕይወት እስካለሁ ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ። «እርስዎ» ይለኛል፣ እኔም ሻዬን እጠጣለሁ።

ሚስትህ አስካለ