ማክሰኞ ማክሰኞ የሰው ቤት

ይድረስ እንደ አባት ላሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተህልኛል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ የሚያስቸግርህን ግራውን ማለቴ ነው፤ ቀኙማ ሁሌም ጨዋ ነው። እንቅልፍ ይወስድሃል? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ አሁንም «ሥራ ላይ ነኝ» እያልክ ታልፈዋለህ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት። በቁመት በልጣኛለች፤ ጫማዬን ትወስድብኝና ጠበበኝ ብላ መልሳ እኔኑ ትቆጣኛለች። ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። «እናንተ ዘንድ ደላላ ሁሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ተሰብስቦ ጓደኛው የያዘውን ቤት ሲዞር ይውላል አሉ። ጫማ ከመጨረስ ሌላ ምን ይጠቅማችኋል?» ብለሃል። ድምፅህን የሰማሁት መሰለኝ። አንተ እኮ ዕድሜህን ሙሉ ብቻህን የሠራህ፣ የከተማውን ቤት ሁሉ በጭንቅላትህ ይዘህ የኖርክ ሰው ነህ። የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ባለቤት ዋጋ ሲጠሩለት እንደሚያኮርፍ ሳትጽፍ ታውቃለህ። ሥራውንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስለዚህ ጠቅሞኛል ወይም አልጠቀመኝም ብዬ በአንድ መስመር ልመልስልህ አልፈለግኩም። የሆነውን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አለቃችን ሁላችንንም በሁለት መኪና ትጭነንና በሳምንቱ ለሽያጭ የገቡትን ቤቶች እንዞራለን። ቤቱን ሊሸጥ የያዘው ባልደረባችን በር ላይ ቆሞ ይቀበለናል። እኛ ገብተን ቁም ሣጥን እንከፍታለን፣ ቧንቧ እንለቃለን፣ ወለሉን በእግራችን እናንኳኳለን። ስንወጣ ሁሉም ያየውን ይናገራል። ቀለሙ ይቀየር የሚል አለ፣ ይህን ዋጋ ማን እብድ ይከፍላል የሚል አለ፣ ገዢ ሲመጣ ውሻውን ጎረቤት ደብቁት የሚልም አለ።

እኔ አልወደውም ነበር። የቤቱ ፎቶ ስልኬ ላይ እያለ ግማሽ ቀን መኪና ውስጥ መንገጫገጭ ምን ይሉታል እያልኩ አጉረመርም ነበር። ፊቱ ሁልጊዜ የተቋጠረ ስለሆነ ሎሚ የምንለው አንድ ባልደረባ አለን። እሱና እኔ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ያየነውን ቤት ሁሉ፣ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለውን የሰርግ ፎቶ ሳይቀር ስናማ ነበር የምንውለው። ሥራ ከተባለ ሥራችን ይኸው ነበር።

በዚያ ሰሞን ደግሞ እንቅልፍ የነሱኝ አንድ ገዢ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። ሚስታቸው እማማ በወጣትነታቸው ስልክ ቤት ይሠሩ ነበር። ያኔ የከተማውን ሰው ሁሉ እርስ በርስ የሚያገናኙት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ግን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ለብዙ ዘመን የኖሩበት ቤት መንገድ ሲሰፋ ፈረሰና ሴት ልጃቸው ጋ፣ ፎቅ ላይ ገቡ። እማማ እዚያ ቤት መላመድ አልቻሉም። መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ ብለው ይነሱና የደረጃውን በር ከፍተው ይወጣሉ። አንድ ቀን ጎረቤት ደርሶ ባይዛቸው ቁልቁል ሊወድቁ ነበር።

ልጅቱ ፈራች። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ፈልጋ አስመዘገበቻቸው፤ አልጋ እስኪለቀቅ ብቻ ነበር የሚጠበቀው። ክፉ ልጅ እንዳትመስልህ፣ ጋሼ። ደክሟት ነው። ሥራ አላት፣ ልጆች አሏት፣ በር ስትጠብቅ እያደረች ዓይኗ ጎድጉዷል።

አባባ ግን «እሷ የማትጠፋበት ቤት ፈልጊልኝ» ብለው ሙጥኝ አሉ። እንዴት ያለ ቤት እንደሆነ ስጠይቃቸው ማስረዳት ያቅታቸዋል። ስንቱን አሳየኋቸው መሰለህ! ይገባሉ፣ ኮሪደሩ መሃል ይቆማሉ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይዞራሉ፣ ከዚያ «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» ብለው ይወጣሉ። በመጨረሻ ታከተኝና አንዱ ቤት በረንዳ ላይ አስቀምጫቸው «አባባ፣ እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑና የድሮው ቤትዎ ውስጥ ይሂዱልኝ» አልኳቸው።

ጨፈኑ። እጃቸው አየር ላይ መሄድ ጀመረ። «ከአልጋ ትነሻለሽ» አሉኝ። «በሩን ስትወጪ ቀኝ እጅሽን ግድግዳው ላይ ታሳርፊያለሽ። ግድግዳው የሚያልቅበት ጋ መጸዳጃ ቤቱ ነው። ከዚያ ስትወጪ የኩሽናው ብርሃን ከጓሮ በኩል ፊትሽ ላይ ይመጣል።» ዓይናቸውን ሲገልጡ እንባ ሞልቶት ነበር። እማማ ልጃቸው ቤትም ልክ እንደዚያው ቀኝ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው እንደሚወጡ፣ እዚያ ግን ግድግዳው የሚያደርሳቸው ደረጃው በር ላይ እንደሆነ የነገሩኝ ያኔ ነው። ለካስ እማማ መንገዱን አልረሱትም። ቤቱ ነው የተለወጠባቸው።

እንግዲህ ይህን የትኛው ማስታወቂያ ላይ ልፈልገው? «ሦስት መኝታ፣ ሰፊ ግቢ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ ግድግዳው የት ጋ እንደሚያልቅ የሚጽፍ ደላላ እስካሁን አላየሁም።

በዚህ ጭንቀት ላይ እያለሁ ማክሰኞ ደረሰ። ጠዋት ከአለቃችን ጋር ተጨቃጨቅን። የራሴ ገዢ አንጀቴን እየበሉት የሰው ቤት ምን ልሠራ እዞራለሁ አልኳት። አልተቆጣችም፤ «ዙሪና ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ» ብላ የመኪናውን በር ከፈተችልኝ። አኩርፌ ገባሁ።

የዕለቱ የመጨረሻ ቤት ሰንበሌጥ የያዘው ነበር። ሰንበሌጥ የምንለው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው፤ ሲያፍር ደግሞ ንፋስ እንደመታው ሣር ጎንበስ ይላል። ከብዙ ጊዜ ወዲህ አንድ ቤት እንኳ መሸጥ አልቀናውም ነበር። ቤቱ አሮጌ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያወጣው የግቢውን ዛፍና የፊቱን በር ብቻ ነው፤ ውስጡ ለፎቶ አይሆንማ። ኮሪደሩ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም የተቀባ። ሎሚ ገና ከመግባቱ «ይህ ቤት ነው የባቡር ፉርጎ?» አለና ሁሉንም አሳቀ። ሰንበሌጥም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

እኔ ከሳቁ ለመሸሽ ወደ ኋለኛው መኝታ ቤት ገባሁ። ስወጣ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቀኝ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩና ሄድኩ። ግድግዳው አለቀ። እጄ የመጸዳጃ ቤቱን መቃን ያዘ። ዞር ስል ከጓሮ በኩል የኩሽናው ብርሃን ፊቴ ላይ ፈሰሰ።

ጋሼ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰንበሌጥ ያመመኝ መስሎት ውሃ ሊያመጣልኝ ሮጠ። ሲመለስ ክንዱን ይዤ ይህን ቤት ለማንም እንዳትሰጥብኝ አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ጓሮ ወስዶኝ ነገሩን በዝግታ አጫወተኝ። ቤቱን አፍርሶ ሱቅ ሊሠራበት የፈለገ ነጋዴ አለ፤ በዋጋ አልተከራከረም፤ ነገ ከሰዓት በኋላ ሊፈርም ይመጣል። «እኔም መሸጥ አለብኝ፣ ታውቂያለሽ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። የእማማን እጅና የደረጃውን በር ብቻ ነገርኩት። ወደ ዛፉ ዞረና «ነገ ጠዋት አምጫቸው። ነጋዴው ከመምጣቱ በፊት» አለኝ።

በማግስቱ ሦስቱንም ይዣቸው ሄድኩ፣ አባባን፣ እማማንና ልጃቸውን። ልጅቱ መንገዱን ሙሉ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣ ነበር። ስንወርድ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አባቷን በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጣቸው ለመነችኝ። እማማ ደግሞ ከመኪና አልወርድም አሉ። የማን ቤት እንደሆነ ጠየቁ፣ ሳይጠሩን ሰው ቤት አንገባም ብለው ተቆጡ። ሰንበሌጥ ነው ያወረዳቸው። ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እየጠበቅንዎት ነበር» አላቸው። እሳቸውም «እንዲህ ተብሎ ከተጠራማ ደግ» ብለው ክንዱን ይዘው ገቡ።

ኋለኛው ክፍል ያለው አሮጌ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጥናቸውና እኛ ሳሎን ሆነን ጠበቅን። ልጅቱ ሁለቴ ልትነሳ ስትል አባባ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧት።

ከዚያ የእግራቸው ድምፅ ተሰማ። ኮሪደሩ ላይ ብቅ አሉ፣ ቀኝ እጃቸው አረንጓዴው ግድግዳ ላይ። ወደ እኛ ዞር ብለውም አላዩ። ሄዱ፣ መቃኑን ያዙ፣ ገቡ፣ በሩንም ከውስጥ ራሳቸው ዘጉት። ልጅቱ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እናቷ ብቻቸውን ሄደው በር ከዘጉ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንኳ አታስታውስም። እማማ ሲወጡ ቀጥ ብለው ወደ ኩሽናው አለፉ። ቧንቧውን ከፍተው ጠበቁና «ዛሬም ውሃ የለም? እናንተ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ!» ብለው ጮኹብን።

አባባ እየሳቁ አለቀሱ። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ አሁን እሞላልሻለሁ» እያሉ ተነሱ። የሚሞላ ነገር አልነበረም፤ እሳቸው ግን ባዶ እጃቸውን ኩሽና ገቡ።

ቤቱ ቀርቷል ብሎ ለነጋዴው የደወለው ሰንበሌጥ ራሱ ነው። የቤቱ ባለቤትም ሴት ናት፣ ከእናቷ የወረሰችው ቤት ነው። ይፈርሳል መባሉ ሆዷን ሲበላት ሰንብቶ ኖሮ፣ ሰው ሊኖርበት እንደሆነ ስትሰማ ዋጋውን ራሷ ዝቅ አደረገችው። ልጅቱ ያስመዘገበችውን አልጋ ለሌላ ሰው ለቀቀች።

እማማ ዳኑ እያልኩህ አይደለም። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ወደ አባባ እያዩ «ይህ ሽማግሌ ማን ነው?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። ግን ጥሩ ሽማግሌ ነው፣ ሻይ ያፈላል አሉኝ። ቤታቸው ውስጥ ግን አይጠፉም።

ጠቅሟል ወይ ላልከው እንግዲህ፣ ብዙ ማክሰኞ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። ሎሚ አሁንም ዙረቱ የሐሜት ጉዞ ነው ይላል፤ ሐሜቱ ውስጥ እኔም ስላለሁበት አልከራከረውም። ነገር ግን ፎቶ የሚያሳይህ ሻጩ እንድታይለት የፈለገውን ነው። እኔ የምፈልገው ደግሞ ሰንበሌጥ ሲያፍርበት የነበረው ኮሪደር ውስጥ ነበር። እሱም ብቻውን ቢሠራ ኖሮ ለዚያ ቤት አፍራሽ እንጂ ነዋሪ አያገኝለትም ነበር። አለቃችን ስመለስ ምንም አልጠየቀችኝም። ፊቴን አይታ ፈገግ ብላ አለፈች፤ ያ ደግሞ ከክርክሩ ሁሉ በላይ አናደደኝ።

ጋሼ፣ አሁን አንድ ሌላ ነገር። ጎረቤትህ ፀጉር ሠሪዋ ደውላልኝ ነበር። አትቆጣት፣ ስለምትወድህ ነው። በዚያ የዝናብ ቀን የት እንዳገኘችህ ነገረችኝ፣ ድሮ አንተና እኔ ተከራይተን እንኖርበት የነበረው ቤት ደጃፍ። ቤት የሚያይ ደንበኛ እየጠበቅኩ ነው ብለሃታል። እኔም አዎ፣ ወንድሜ ለደንበኛ ሲል ዝናብ አይፈራም ብያታለሁ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሰንበሌጥ መኪናውን ይዞ አብሮኝ ይመጣል፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ታየዋለህ። እኛን ልትቀበል ብለህ ወደ መንገድ እንዳትወጣ። ቤትህ ቁጭ ብለህ ጠብቀኝ፤ ፀጉር ሠሪዋ ጠዋት ቁርስ ይዛ መጥታ አብራህ ትጫወታለች። ሻንጣህን እኔው አዘጋጃለሁ፣ አንተ እንዳትደክም። ከእኛ ጋር ትከርማለህ። ለባልደረቦቼ አስተማሪዬ ሊመጣ ነው ብያቸዋለሁ፤ ሎሚ ከወዲሁ ለክርክር እጅጌውን ሰብስቧል። ማክሰኞ የፊቱ ወንበር ያንተ ነው። ቤት ቤቱን ስንገባም እጄን ትይዛለህ። ወለሉ ስለሚያዳልጥ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

እስከዚያው አምላክ ከደጅህ አይለይ። እንቅልፍህ የሰላም፣ ማለዳህ የብርሃን ይሁንልኝ። ያሳደጉኝ እጆችህ ይባረኩ።

ምንጊዜም ያንተው፣
ታናሽ እህትህ