ከጋቢናው ወንበር ስር የቀለጠው ቅቤ

ይድረስ ለልጄ ለይትባረክ አለማየሁ፣

ልጄ፣ እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ እንቅልፍህስ? የዱባይ ሙቀት ቀለል አለላችሁ? ምራቴ ሶሲ ወገቧን ተሻላት? ሊዲ ጥርሷን መንቀል ጀመረች አሉኝ፤ የነቀለችውን ጣሪያ ላይ ወርውሩላት፣ ፎቅ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ስልህ ግን እንደ ወትሮህ "እሺ እማ፣ እሺ" ብለህ አትለፈው። ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው፤ እዚህ ላይ ማንም መሀል ገብቶ አያቋርጠኝም።

ነገሩ የአባትህ ኮሮላ ነው። በክረምት ስትመጣ "እማ፣ ጆሮሽ ደክሟል፣ መዝሙሩን ደህና አድርገሽ ስሚ" ብለህ ትልቁን ስፒከር ከኋላ፣ አምፕሊፋየሩን ከጋቢናው ወንበር ስር ገጥመህልኝ ሄድክ። ድምፁ እውነትም ያምራል፤ የጎረቤታችን የጉደታ ዶሮዎች ሳይቀሩ መዝሙር ለምደዋል። መኪናዋ ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች። ቁልፉን አዞራለሁ፣ ጭጭ። ጉደታና ልጆቹ ይገፉልኛል፣ ማርሽ አስገብቼ አስነሳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ልቧ ስትሄድ ትውልና በማግስቱ ያው ናት።

ሁሉም ያለኝ አንድ ነገር ነው። ጉደታ ገና በሩን ስከፍት በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ብሎ "አካም ቡልተን እትዬ፣ ዛሬም መብራት ረሱ?" ማለት ለመደ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጂብሪል ባትሪዋን ቻርጅ አድርጎ "ማዘር፣ ባትሪው ደህና ነው፣ መብራት እየረሱ ነው" አለኝ። አንተም በስልክ ያንኑ አልክ። እህትህ እንቁ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር፤ እሱ ባሰብኝ።

ስንት ትውልድ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴትዮ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። አያትህን ታስታውሳታለህ? መጀመሪያ የረሳችው የጨው ዕቃዋን ቦታ ነበር፣ መጨረሻ ላይ እኔን። መብራቱን አጠፋለሁ፣ ዞሬ አያለሁ፣ ቤት ገብቼ ተመልሼ እወጣለሁ። ከዚያ ምድጃውን፣ ከዚያ የግቢውን በር። ወጥ እየሠራሁ የድሮ ተማሪዎቼን ስም በየወንበራቸው እጠራለሁ፤ አንዱ ስም ከጠፋኝ ሽንኩርቱ እስኪያር ድረስ እሱን ስፈልግ እቆማለሁ። ቁጭ ማለት አቃተኝ ልጄ።

እንቁ ከአዲስ አበባ መጥታ የቆረጠችውን ነገረችኝ። መኪናዋ ትሸጣለች፣ ቤቱ ይከራያል፣ እኔ እሷ ጋ እገባለሁ። ገዢም አግኝታለች፤ አብዱልመናን የሚባል ነጋዴ ነው፣ ለገና ማግስት ተቀጥሯል። እህትህ ክፉ አስባ አይደለም፣ ፈርታልኝ ነው። እኔም ፈርቼ ስለነበር እሺ አልኳት።

እሺ ካልኩ በኋላ ግን አልሆንልኝ አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ልንዳት ብዬ ኩየራ አክስትህ አበበች ዘንድ ሄድኩ። እዚያም አድራ አልነሳ አለች፣ የሰፈሩ ጎረምሶች ገፉልኝ። ከመመለሴ በፊት ወደ ሻሸመኔ ወርጄ ከገበያው በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ገዛሁ፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእንቁ። ፀሐይ እንዳይነካው አንዱን ከእኔ ወንበር ስር፣ ሌላውን ከጋቢናው ወንበር ስር ሸጎጥኩት። አዳማ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ መብራቱን ሁለት ጊዜ አይቼ ገባሁ። ቅቤውን ግን ረሳሁት።

ጠዋት፣ ቤት ስትጠብቀኝ የሰነበተችው እንቁ የመኪናዋን በር ከፍታ "እማ! ቅቤውንም ረሳሽው!" ብላ ጮኸች። የጋቢናው ቅቤ ቀልጦ ምንጣፉን አጥለቅልቆታል። አፈርኩ፣ እንባዬ መጣ። ጎንበስ ብዬ ከእኔ ወንበር ስር ያለውን ሳወጣ ግን እንደገዛሁት ድርቅ ብሎ ቆይቶኛል። በታኅሣሥ ብርድ አንድ መኪና ውስጥ አድረው አንዱ ቀልጦ አንዱ እንዴት ይደርቃል? እጄን ከጋቢናው ወንበር ስር ሰደድኩ። ያ አምፕሊፋየርህ ይሞቃል! መኪናዋ ተኝታ እሱ አልተኛም።

ጂብሪልን አስጠርቼ "እዚህ ዳስስ" አልኩት። ከቁልፉ ጋር እንዲነሳና እንዲተኛ የሚያደርገው ቀጭን ሽቦ አለ አይደል? አንተ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አስረኸዋል፤ ለካ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲመጥ ያድራል። ለዚያን ቀን አስረኸው በኋላ ወደ ቁልፉ ልታዞረው አስበህ ይሆናል፤ ከዚያ ረሳኸው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ! ጂብሪል ሽቦውን አዛወረው፣ ከዚያ ወዲህ ኮሮላዋ አንድም ቀን አልተገፋችም። ጉደታ ጠዋት ጠዋት የሚለኝ ጠፍቶት ስለ ዶሮዎቹ ያወራኛል።

እንቁ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ሳቀች፣ አቀፈችኝ፣ ቀጥላም "ቢሆንም እማ..." አለችኝ። ልጄ፣ እኔ የማልችለው ይህችን "ቢሆንም" ነው። ባትሪው ዳነ፣ እኔ ግን አሁንም ወጥቼ መብራቱን አያለሁ። ሽቦውን ጂብሪል ነቀለው፤ እናንተ ውስጤ ያሰራችሁትን የሚነቅለው ማን ነው?

ስለዚህ ይህን ስታነብ አብዱልመናን ሳይመጣ ለእህትህ ደውልላት። ስለ መኪናዋ አታውራ። "እማ አልረሳችም፤ የረሳሁት እኔ ነኝ" በላት። ከዚያ ለእኔም ደውለህ ያንኑ ድገምልኝ።

ሶሲን ሳምልኝ፣ ወገቧን ታሳርፍ። ሊዲን ባዶ ድዷ ላይ ሳምልኝ። ጉደታና ቤተሰቡ ሰላም ብለውሃል፤ ጂብሪልም ሰላም ብሎሃል፣ እየሳቀብህ ነው። ያልቀለጠውን ቅቤ አንጥሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደ ዱባይ በሚመጣው በፈዬራ ልጅ እጅ ልኬላችኋለሁ። የቀለጠው እዚሁ ምንጣፉ ላይ ነው፤ የአባትህ መኪና ጨጨብሳ ጨጨብሳ ትሸታለች። ቅመሙን ሁሉ በልክ አድርጌበታለሁ። ስትቀምሰው የረሳሁት ነገር ካለ ንገረኝ።

እናትህ

አዳማ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.