ሞጣ የተላከው ዲስክ

ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን 2009፣ ቢቸና

ዛሬም በቢሯችን ሰርቨር ላይ የመሬት መዝገቡን የያዘው ቨርቹዋል ማሽን ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ እምቢ አለኝ። ፕሮግራሙ አዲሱን ለውጥ የሚቀዳው የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ አጠገቡ ሲያገኝ ብቻ ነው። ያንን የያዘውን ዲስክ ደግሞ ኃላፊያችን «እሳት ቢነሳ ሰርቨሩም ቅጂውም አብረው ይነዳሉ» ብለው ሞጣ ልከውታል። ልክ ናቸው፤ እኔ ግን በምን ልቅዳ? ሌላ ሙሉ ቅጂ የሚችል ዲስክ የለኝም።

እንዲመልስልኝ ሞጣ ላለው ባልደረባዬ ለጌታቸው ደወልኩ።

«አታስቢ እታለም፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ብቻ ስሰካው ‹ፎርማት ካልተደረግሁ አልከፈትም› ስላለኝ እሺ ብዬዋለሁ።»

እሺ ብዬዋለሁ! ፎርማት ሲደረግ እኮ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል። የስንት ገበሬ የመሬት ይዞታ አሁን በአንዲት ሰርቨር ላይ ቀረ። ኃላፊው ከቢሮ ሲወጡ «የሞጣው ደህና ነው?» አሉኝ።

«ተቆልፎበታል» አልኳቸው።

ቤት ከገባሁ ወዲህ መብራቱ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ብድግ እላለሁ።